ኳስ የማይለቀውን ልጅ የት እናሰልፈው?



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ስለ ኳስ ነው። «ደግሞ ስለ ኳስ ምን የሚጻፍ አለ?» የምትሉ አትጠፉም። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍረዱን። በየሰፈሩ ልጆችን ሰብስቦ ለሚያሰለጥን፣ ልጁን ታኬታ ገዝቶ ሜዳ ለሚልክ ወላጅ፣ ከሜዳ ዳር ቆሞ ለሚጮኽ ሁሉ የሚሆን ነገር አለው ብለን እናምናለን።

ባለፈው ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ እዚህ ሰበታ ላይ የሰፈራችን ታዳጊዎች ከቡራዩ ከመጡ እኩዮቻቸው ጋር ተጫወቱ። ውጤቱ 2 ለ 2 ነው። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው የእኛው ልጅ መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ይዞ ተነሳ። አንዱን አለፈ። ሁለተኛውን በእግሮቹ መሀል አሾልኮ አለፈው። ሦስተኛውን በአብዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሜዳውን የከበበው ሰው በጩኸት አበደ። በቀኝ በኩል ጓደኛው ብቻውን ቆሞ እጁን እያውለበለበ ነው፤ ከፊቱ ባዶ ጎል አለ። ልጁ ቀና ብሎ አየው። ሲያየው እኛም አየነው። ከዚያ ራሱ መታትና ኳሷ በረኛው እጅ ላይ አረፈች። በረኛው ወዲያው ወረወራት፤ የቡራዩ ልጆች በሦስት ንክኪ እኛ ጎል ደርሰው አገቡብን። 3 ለ 2 ተሸነፍን።

ከጨዋታው በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠን እስከ መግሪብ ተከራከርን። የክርክሩ ርዕስ አንድ ብቻ ነበር፤ «ይህን ልጅ የት ነው የምናሰልፈው?» አንዱ ፊት አጥቂ ይሁን አለ። ሌላው አስር ቁጥር ይሰጠው አለ። ሦስተኛው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይማር አለ። ማንም ማንንም ሳያሳምን ተበታተንን። ሳምንቱን ሙሉ ስናወጣና ስናወርድ ከርመን የደረስንበትን ዛሬ ልናካፍላችሁ ነው። የልጁን ስም አንጠራም። ስሙ አይጠቅማችሁም፤ በየሰፈራችሁ አንድ አንድ እንደሚኖራችሁ እናውቃለን።

በመጀመሪያ «ራስ ወዳድ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ኳስ የማይለቅ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እኛ ያየናቸው ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው የማያይ ነው። ኳስ እግሩ ስር ስትገባ አንገቱ ይቀረቀራል። ጓደኛው የት እንዳለ አያውቅም። ይህ ልጅ ስስታም አይደለም፤ ቀና ማለት ያልተማረ ነው። ልምምድ ያድነዋል።

ሁለተኛው የማያምን ነው። ጓደኛውን ያየዋል፤ ግን «ብሰጠው ያበላሻታል» ብሎ ያስባል። አንዳንዴ ደግሞ እውነቱን ነው። ከእሱ በታች የሆኑ ልጆች መሀል የሚጫወት ጎበዝ ልጅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ሦስተኛው እያየ፣ ጓደኛው እንደሚያገባም እያወቀ የማይሰጥ ነው። ጎሉ የእሱ እንዲሆን ይፈልጋል።

የእኛ ልጅ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው የተቀላቀለ ነው። ይህን ሳንለይ ቦታ ብንመርጥለት በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት እንደሚያዝ ሰው እንሆናለን። አሁን ሻይ ቤት የተነሱትን ሐሳቦች አንድ በአንድ እንያቸው።

1. «ፊት አጥቂ ይሁን» ለሚሉት

ክርክራቸው ግልጽ ነው። ጎል ካማረው ጎሉ ደጃፍ ይቁም፤ እዚያ ላይ ራስ ወዳድነት ጥፋት አይደለም፤ አጥቂ ትንሽ ስስት ያስፈልገዋል ይላሉ። እውነት አለው። ሳጥን ውስጥ ሆኖ የሚያመነታ አጥቂ አይጠቅምም።

ችግሩ ዘጠኝ ቁጥር የሚጫወት ሰው አብዛኛውን ኳስ የሚያገኘው ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ መሆኑ ነው። ተከላካዩ ከኋላው ተለጥፎበት ኳሷን ያቆማል፤ በአንድ ወይም በሁለት ንክኪ ለሚመጣው አማካይ ይመልሳል፤ ከዚያ ዞሮ ይሮጣል። ሥራው ከመስጠት ይጀምራል ማለት ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ ኃይሉ ያለው ፊቱን ወደ ጎል አዙሮ፣ ከፊቱ አንድ ተከላካይና ክፍት ቦታ ሲኖረው ነው። ባለፈው ወር ሞክረነዋል። ለሃያ ደቂቃ ኳስ አልደረሰውም፤ ሰለቸውና መሀል ሜዳ ድረስ ወርዶ ከራሱ አማካይ እግር ስር ኳስ መንጠቅ ጀመረ። ፊት መስመራችን ባዶ ቀረ።

«ክርስቲያኖ ሮናልዶስ?» የሚል አለ። ሮናልዶ በማንቸስተር ዩናይትድ የጀመረው መስመር ላይ አብዶ የሚያበዛ ወጣት ሆኖ ነው። ወደ መሀል ጠቅልሎ የገባው ዕድሜው ከገፋ በኋላ፣ ያለ ኳስ መንቀሳቀስን አጥብቆ ተምሮ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በዚያ ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ አይጀምርም።

2. «አስር ቁጥር ይሰጠው» ለሚሉት

ይህ ሜዳ ዳር ያለው ሰው ሁሉ የሚወደው ሐሳብ ነው። ጎበዝ ነው፣ ስለዚህ ኳስ ሁሉ በእሱ በኩል ትለፍ ይላሉ። በእኛ እይታ ከሦስቱ ሁሉ መጥፎው ምርጫ ይህ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የመሀል ሜዳ ሰው ዋና ሥራው ሌሎችን ማጫወት ነው። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሰው ኳስ ከያዘ አሥሩም ይቆማሉ። የመስመር ተጫዋቹ ሮጦ ሮጦ ኳስ ሳይመጣለት ሲቀር በሦስተኛው ጊዜ አይሮጥም። ሁለተኛ፣ ኳስ የምትነጠቅበት ቦታ ዋጋዋን ይወስነዋል። መስመር ላይ የተነጠቀች ኳስ ወደ እኛ ጎል ለመድረስ ረጅም መንገድ አላት፤ ተከላካዮቻችን ለመሰብሰብ ጊዜ ያገኛሉ። መሀል ላይ የተነጠቀች ኳስ ግን ቀጥታ የመሀል ተከላካዮቻችን ላይ ነው የምትወርደው። ቅዳሜ ዕለት ያየነውም ይኸው ነው። ልጁ የተነሳው ከመሀል ነው፤ ኳሷ ስትመለስ በመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ተጫዋች እናንሳ። አባቱ ቱኒዚያዊ የሆነው ፈረንሳዊው ሃቴም ቤን አርፋ ኳስ ለሚወድ ሁሉ እንግዳ አይደለም። በሊዮን፣ በማርሴይና በኒውካስል «የዚህ ልጅ ትክክለኛ ቦታ የት ነው?» እየተባለ ሲያከራክር ኖረ። መስመር ነው የሚል ነበር፤ አስር ቁጥር ነው የሚልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015/16 የውድድር ዘመን የኒሱ አሰልጣኝ ክሎድ ፑኤል ፊት መስመር ላይ ነጻነት ሰጥተው አሰለፉት። በሊጉ 17 ጎል አገባ፤ ኒስም አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። በቀጣዩ ክረምት ወደ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን ሄደ፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ከሜዳ ውጭ ነው። በአንድ ክረምት ችሎታው ከእግሩ አልጠፋም። የጠፋው በዙሪያው ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀው ቡድን ነው። ይህን ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

3. «ይቀመጥና ይማር» ለሚሉት

ይህን ያሉት በዕድሜ የገፉ አንድ አባታችን ናቸው። ቃላቸውን እናከብራለን። ሥነ ሥርዓት የሌለው ችሎታ ቡድን እንደሚያፈርስ እሳቸው ከእኛ በላይ አይተዋል። ነገር ግን ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ማቀበልን አይማርም፤ መቀመጥን ነው የሚማረው። አንድ ጨዋታ፣ ምክንያቱ በግልጽ ተነግሮት፣ ሊጠቅም ይችላል። ከዚያ ካለፈ ልጁ ወደ ሌላ ሰፈር ቡድን ይሄዳል፤ እዚያም ያንኑ ያደርጋል።

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ (እ.ኤ.አ. 2019) ሊቨርፑል በርንሌይን ከሜዳው ውጭ 3 ለ 0 ያሸነፈበትን ጨዋታ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ሞሐመድ ሳላህ ነጻ ለነበረው ሳዲዮ ማኔ ኳስ ሳያቀብለው ቀረ፤ ማኔ ተቀይሮ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ሆኖ ንዴቱን መደበቅ አቃተው። ዓለም ሁሉ ያየው ነገር ነው። ያኔ በየሻይ ቤታችን «ሳላህ ራስ ወዳድ ነው፣ አይደለም» እያልን ለሁለት ተከፍለን ነበር። አሰልጣኙ የርገን ክሎፕ ግን ማንንም አላስቀመጡም። በቀጣዩ የሊግ ጨዋታ ኒውካስልን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ማኔ ሁለት፣ ሳላህ አንድ አገቡ። በዚያው የውድድር ዘመን ሊቨርፑል ለ30 ዓመት የራቀውን የሊግ ዋንጫ አነሳ።

ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ያው ሳላህ እ.ኤ.አ. በ2024/25 በፕሪሚየር ሊጉ 29 ጎል አግብቶ 18 ደግሞ አመቻችቶ አቀበለ። በሁለቱም የሊጉ አንደኛ ሆነ። ቦታው አልተቀየረም፤ ያው ቀኝ መስመር ነው። «የተፈጥሮው ነው፣ አይለወጥም» ለምትሉ ሁሉ ይህን አስቡበት።

እኛ የምንለው

ልጁ በእግሩ ተቃራኒ መስመር ላይ ይሰለፍ። የእኛው ልጅ ቀኝ እግር ስለሆነ ግራ መስመር አጥቂ ይሁን። ምክንያቶቻችን እነዚህ ናቸው።

አንድ፦ መስመር ላይ ፊቱን ወደ ጎል አዙሮ፣ አንድ ተከላካይ ከፊቱ አድርጎ ኳስ ያገኛል። አብዶው የሚያስፈልገው እዚያ ነው። አንድ ሰው ካለፈ የተጋጣሚ መከላከል በሙሉ ይናጋል።

ሁለት፦ ከግራ ወደ ውስጥ ሲገባ ኳሷ ቀኝ እግሩ ላይ ናት። መምታትም ይችላል፣ ማቀበልም ይችላል። ፊቱ ወደ ሜዳው መሀል ስለሚሆን ጓደኞቹን ሳይፈልግም ያያቸዋል። በቀኝ እግሩ ቀኝ መስመር ላይ ቢሮጥ ግን ዓይኑ ከሜዳው ውጭ፣ ጉዞው ወደ ማዕዘኑ ይሆናል።

ሦስት፦ የሜዳው መስመር ራሱ ገደብ ነው። በአንድ በኩል ሰው የለም። ስለዚህ ምርጫው ይጠባል፤ ወይ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ከኋላው ለሚመጣው ተከላካይ ይሰጣል። ምርጫ የበዛበት ልጅ ራሱን ነው የሚመርጠው። ምርጫው ሁለት ሲሆን ግን ማስተማር ይቀላል።

አራት፦ ቢነጠቅም አደጋው ይቀንሳል። ይህን ከላይ ብለነዋል።

ግን ቤን አርፋን አስታውሱ፤ ቦታ ብቻውን አይበቃም። ከኋላው ያለው የግራ ተከላካይ በውጭ በኩል አልፎት የሚሮጥ ልጅ መሆን አለበት። የተጋጣሚ ተከላካይ ሁለት የሚያሳስበው ነገር ሲኖር ነው የእኛው ልጅ ክፍተት የሚያገኘው። አንድ አማካይ ደግሞ ከእሱ አጠገብ ቀርቶ ኳስ ብትነጠቅ ለመመለስ መዘጋጀት አለበት። ይህን ለልጁም በግልጽ ልንነግረው ይገባል፤ «አንተ አብዶ እንድትሠራ ሁለት ሰው ይደክምልሃል።» የሚደከምለት መሆኑን ያወቀ ሰው ለመስጠት ይቀርባል።

አርየን ሮበን በዚህ ጉዳይ ጥሩ አስተማሪ ነው። ግራ እግር ነው፤ በባየርን ሙኒክ ቀኝ መስመር ላይ ይጫወት ነበር። ወደ ውስጥ እየገባ እንደሚመታ ዓለም ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ያም ሆኖ ማስቆም ይቸግር ነበር። ራስ ወዳድ ነው የሚል ወቀሳም ተለይቶት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 ባየርን በገዛ ሜዳው የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜውን በቼልሲ ሲሸነፍ፣ በጭማሪው ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው እሱ ነበር። በዓመቱ፣ በ2013፣ ዌምብሌይ ላይ ከዶርትሙንድ ጋር ሌላ ፍጻሜ ደረሰ። የመጀመሪያዋን ጎል ማንጁኪች ያገባው ሮበን ባቀበለው ኳስ ነው። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ ራሱ ሮበን አገባና 2 ለ 1 አሸነፉ። በአንድ ምሽት ሰጠም፣ ወሰደም። ከእኛ ልጅ የምንፈልገው ይኸው ነው። አብዶውን እንዲተው አንፈልግም፤ መቼ እንደሚሰጥና መቼ እንደሚወስድ እንዲለይ ነው የምንፈልገው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ

ወገኖች፣ ልጁን ስንወቅስ ከረምን። ራስ ወዳድ ያደረገው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ ግን ጣታችን ወደ ራሳችን ዞረ።

ቅዳሜ ዕለት ሦስት ሰው ሲያልፍ ማን ነበር የጮኸው? እኛ ነን። ከዚያ በፊት በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ልጅ በአንድ ንክኪ ቆንጆ ኳስ አቀብሎ ጎል ሲያስገኝ ያጨበጨበ ነበር ወይ? ጎሉን ላገባው አጨበጨብን፤ ያቀበለውን ግን ስሙን እንኳ የጠራ አልነበረም። ልጅ የሚጨበጨብለትን ነገር ይደጋግማል። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ አብዶ ሲሠራ እየጮህንለት ያሳደግነውን ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ «ለምን አታቀብልም?» ብለን እንቆጣዋለን።

ሜዳውም አለ። በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ልጆች የሚጫወቱባቸው ክፍት ቦታዎች በግንባታ እየተዋጡ ሲጠብቡ እያየን ነው። ጠባብና ወጣ ገባ መሬት ላይ፣ ሃያ ልጅ በአንድ ኳስ ሲሻማ ያደገ ልጅ ኳስ ከለቀቀ ተመልሳ እንደማትመጣ ነው የሚያውቀው። አብዶው የመጣው ከዚያ ነው፤ ስስቱም የመጣው ከዚያው ነው። አንዱን እያደነቅን ሌላውን እንደ ነውር ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሙከራ የሚባለው ነገር ነው። ልጁን ጠርተን ስናነጋግረው የመለሰልን መልስ አፋችንን አስያዘን። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ለሙከራ ስንሄድ መቶ ልጅ ነው የሚሰለፈው። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚሰጡን። ካቀበልኩ ማን ያየኛል?» አለን።

ይህን ጥያቄ ቀለል አድርገን ማለፍ አንችልም። ቤተሰቡ በእሱ እግር ላይ ብዙ ተስፋ ጥሏል። በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ዓይን የሚገባው አብዶ መሆኑም እውነት ነው። ስለዚህ «ዝም ብለህ አቀብል» ማለት ለእሱ ዕድልህን ጣል እንደማለት ነው። እኛም አንለውም።

የምንለው ይህን ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ በር ያስከፍትሃል፤ ቤት ውስጥ የሚያኖርህ ግን ሌላ ነው። በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን የአንድ ዓመት የጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ከእሱ በፊት የነበረው የጌታነህ ከበደ 25 ጎል ነበር። አቡበከርን ራስ ወዳድ ነው ማለታችን አይደለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ያን ሁሉ ጎል ያገባው አሰልጣኝ ካሳዬ አራጌ ኳስ በመቀባበል ላይ በመሠረቱት ቡድን ውስጥ ነው። ኳስ ከኋላ ጀምራ በብዙ እግር ተመላልሳ ነበር እሱ ዘንድ የምትደርሰው። ከዚያም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻገረ። 29 ጎል የሰጠው እግሩ ብቻ አይደለም፤ የሚያቀብሉት ጓደኞችም ነበሩት። ያም ሆኖ በዚያ ዓመት ዋንጫውን ያነሳው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነው፤ ቡና ሁለተኛ ሆነ። የክብረ ወሰን ባለቤት እንኳ ብቻውን ዋንጫ አያመጣም።

ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ባነሳችበት ፍጻሜ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስናሸንፍ አራቱን ጎሎች ሦስት ሰዎች ናቸው ያገቧቸው፤ ግርማ ተክሌ፣ ኢታሎ ቫሳሎ ሁለት፣ መንግሥቱ ወርቁ። በአንድ ሰው እግር ብቻ የቆመ ቡድን ያ እግር በተያዘ ቀን ያልቃል።

ለሱሉልታ ልጆች ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ። በማለዳ ብርድ በቡድን ሆነው የሚሮጡትን አትሌቶች ታውቋቸዋላችሁ። ሩጫ የግል ስፖርት ነው፤ ሜዳሊያው ለአንድ አንገት ነው። ልምምድ ላይ ግን ተራ በተራ ከፊት እየሆኑ ነፋሱን ይጋራሉ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀድማል። በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ በፓሪሱ የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴና ስለሺ ስህን ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው ሲገቡ ያየ ሰው፣ አብሮ መሥራት የግል ድልን እንደማያሳንስ ይገባዋል። ለግል በሚሮጡበት ስፖርት እንዲህ ከተደረገ፣ አሥራ አንድ ሰው አንድ ማልያ ለብሶ በሚገባበት ጨዋታ ምን ሊባል ነው?

ስለ ሌላኛው ልጅ

ክርክራችን ሁሉ ስለ ጎበዙ ልጅ ነበር። ቅዳሜ ዕለት በቀኝ በኩል ብቻውን ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ የነበረውን ልጅ ግን ሻይ ቤት ያነሳው ሰው አልነበረም። እሱ ሰኞ ልምምድ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ሐሙስ ዕለት ታኬታውን ለታናሽ ወንድሙ እንደሰጠ ሰማን።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባን። ቅዳሜ የጠፋው አንድ ጨዋታ መስሎን ነበር፤ የጠፋው አንድ ልጅ ነው። ጎበዙ ልጅ የት እንደሚሰለፍ ስናስብ ለእሱ ብቻ ማሰባችን ትክክል አልነበረም። የእሱ ቦታ የሌሎቹን አሥር ልጆች ቦታ ይወስናል። ጎበዙን ግራ መስመር ላይ ስናደርገው መሀሉ ለሚያጫውት ልጅ ይከፈታል፤ ቀኝ መስመር ላይ ያለውም ኳስ ይደርሰዋል። አስር ቁጥር ላይ ብናደርገው ግን ሁሉም ተመልካች ይሆናሉ። ኳስ የማትደርሰው ልጅ ከሜዳ ይቀራል፤ ከሜዳ የቀረ ልጅ ደግሞ ከሰዓቱን የት እንደሚያሳልፍ ወላጆች ታውቃላችሁ። ሽማግሌዎቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ቡድኑን ሁሉ በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ስንጭን እሱንም እናጎብጠዋለን፤ ሌሎቹንም ባዶ እጃቸውን እናስቀራቸዋለን።

የተስማማንባቸው ነገሮች

ለሌሎች አሰልጣኞችም ይጠቅማሉ ብለን ያሰብናቸውን እናስቀምጥ።

- ልጁ ግራ መስመር አጥቂ ይሆናል። በእኛ ሜዳ አጋማሽ ኳስ ሲያገኝ ከሁለት ንክኪ በላይ አይይዝም። በተጋጣሚ ሜዳ የመጨረሻ ክፍል ሲደርስ ነጻ ነው፤ አብዶ ቢሠራ፣ ቢነጠቅም አንቆጣውም።
- ልምምድ ላይ አንዳንድ ቀን ጎል የሚቆጠረው ካቀበለ ሰው ጋር ብቻ ይሆናል። ብቻውን አልፎ ያገባ አይቆጠርለትም።
- ከጨዋታ በኋላ መጀመሪያ የሚጠራው ለጎል ያቀበለ ልጅ ስም ነው፤ ከዚያ ያገባው ይጠራል።
- ነጻ ጓደኛውን እያየ ከከለከለ ተቀይሮ ይወጣል፤ ለምን እንደወጣም በዚያው ይነገረዋል። በቀጣዩ ጨዋታ ግን ከመጀመሪያው ይሰለፋል። ቂም አንይዝም።
- ፍጹም ቅጣት ምት በተራ ይመታል።
- ሜዳ ዳር የምንቆም ትልልቆች አፋችንን እንቆጣጠራለን። «በል እለፈው!» ብሎ የጮኸ ሰው በኋላ ልጁን መውቀስ አይችልም።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ፍሬ አያፈሩም። ሳላህ እንኳ ያችን ኳስ ከከለከለበት ቀን 18 አመቻችቶ እስካቀበለበት ዘመን ድረስ ዓመታት አልፈዋል። ልጁ በመጪው ቅዳሜም አንዲት ኳስ ሊከለክል ይችላል። እኛ ግን ከመሀል ይልቅ መስመር ላይ ሲከለክል ማየት ይሻለናል፤ ከዚያ ላይ ማስተማርም ይቻላል።

በመጨረሻ፣ ትናንት ከዐስር በኋላ ሁለት ሆነን ያ ከልምምድ የቀረው ልጅ ቤት ሄደን ነበር። እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ሰማን። ጎበዙ ልጅ ግራ መስመር ላይ እንደሚሆን፣ እሱ ደግሞ ቀኝ ላይ እንደሚቀጥል ነገርነው። ብዙ አልተናገረም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፤

«ጋሼ፣ ኳስ ይደርሰኛል?»

ይደርስሃል አልነው። ታኬታውን ከታናሽ ወንድሙ እንዲያስመልስም ነገርነው። ቅዳሜ ከሱሉልታ ልጆች ጋር እንጫወታለን ኢንሻአላህ። ቃላችንን እንደምንጠብቅ ማየት የምትፈልጉ ኑና እዩ፤ ከሜዳ ዳር ሆናችሁም ለሚያቀብለው አጨብጭቡ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።